«ማናቸውም» ወይስ «ሁሉም»፦ የመኪና እሽቅድምድም ውጤት በይግባኝ ደጃፍ

ዲሴምበር 12 ቀን 2021 ምሽት አቡ ዳቢ ላይ ርችቱ ተተኩሶ፣ ዋንጫው ተነሥቶ፣ አዲሱ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ደስታውን ገና ሳይጠግብ የመርሴዲስ ቡድን ሰዎች ጠበቃቸውን ይዘው ወደ ውድድሩ ዳኞች ክፍል ገቡ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያቀረቧቸው መቃወሚያዎች ሁለት ነበሩ። ሁለቱም ውድቅ መደረጋቸው የተሰማው ሌሊቱ ሊጋመስ ሲቃረብ ነው። በእነዚያ ሰዓታት የዓለም ሕዝብ ሻምፒዮኑን በዓይኑ አይቶ፣ ሻምፒዮን መሆኑን ግን እርግጠኛ ሆኖ መናገር አልቻለም።

የመርሴዲሱ ሉዊስ ሃሚልተንና የሬድ ቡሉ ማክስ ቨርስታፐን ለዚያ ውድድር የተሰለፉት እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው ነበር። ያቺ ግማሽ ነጥብ ራሷ ከደንብ ክርክር የተወለደች ናት። በኦገስት ወር ቤልጅግ ውስጥ ስፓ ላይ ዶፍ ዝናብ ሲወርድ፣ መኪኖቹ በአደጋ ጊዜ ከፊት ሆኖ ውድድሩን ከሚያዘገየው መኪና፣ ከሴፍቲ ካሩ፣ ኋላ ተሰልፈው ጥቂት ዙር ዞሩና ውድድሩ ተካሂዷል ተብሎ ለተሳታፊዎቹ ግማሽ ነጥብ ታደለ። ደንቡ ይህን ይፈቅድ ነበር። በዝናብ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የዋለው ተመልካች ግን እሽቅድምድም አላየም።

አቡ ዳቢ ላይ ከ58ቱ ዙሮች 53ኛው ላይ የዊሊያምስ አሽከርካሪ ኒኮላስ ላቲፊ ከግንቡ ጋር ተላተመ፤ ሴፍቲ ካሩም ወጣ። እየመራ የነበረው ሃሚልተን በ14ኛው ዙር የቀየረውን ጎማ እንደያዘ ቀጠለ። ቨርስታፐን ገብቶ አዲስና ለስላሳ ጎማ አስገጠመ። በሁለቱ መካከል አምስት መኪኖች ነበሩ፤ የእኛ የሩጫ ዘጋቢዎች «ተደረቡ» እንደሚሉት፣ አንድ ዙር የተቀደሙ ናቸው። በጠቅላላው የተደረቡት ስምንት ነበሩ። የውድድሩ ዳይሬክተር ማይክል ማሲ በመጀመሪያ የተደረቡት ማለፍ እንደማይፈቀድላቸው በስክሪን አስታወቀ። በ57ኛው ዙር ግን ሌላ መልእክት መጣ፤ በሁለቱ ተፎካካሪዎች መካከል ያሉት አምስቱ በቁጥር በቁጥራቸው ተጠርተው እንዲያልፉ ታዘዙ። ሦስቱ ባሉበት ቀሩ። ሴፍቲ ካሩ በዚያው ዙር መጨረሻ ገባ። አንድ ዙር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ቨርስታፐን በአምስተኛው መታጠፊያ ከውስጥ በኩል ገብቶ አለፈ።

ስለዚያ መታጠፊያ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ የደንቡ አንቀጽ 48.12 ነው። አንቀጹ በእንግሊዝኛው፣ ማለፍ ሲፈቀድ በመሪው የተደረቡ «ማናቸውም» መኪኖች ማለፍ እንደሚገባቸው፣ የመጨረሻው የተደረበ መኪና መሪውን ካለፈ በኋላም ሴፍቲ ካሩ በሚቀጥለው ዙር መጨረሻ እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። መርሴዲስ ሁለቱም ድንጋጌዎች ተጥሰዋል አለ፤ ያለፉት አምስት እንጂ ስምንት አይደሉም፣ ሴፍቲ ካሩም አንድ ዙር ቀድሞ ገብቷል። ሬድ ቡል በበኩሉ «ማናቸውም» ማለት «ሁሉም» ማለት አይደለም ብሎ ተከራከረ። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 48.13 የሴፍቲ ካሩን መግባት ለብቻው ስለሚገዛ የበላይነት እንዳለው፣ አንቀጽ 15.3ም በሴፍቲ ካር አጠቃቀም ላይ ለዳይሬክተሩ ከሁሉ የሚበልጥ ሥልጣን እንደሚሰጠው አከለ። ዳኞቹ 48.12 ሙሉ በሙሉ ሳይፈጸም ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል ተቀብለው፣ ሴፍቲ ካሩ እንደሚገባ አንዴ ከተነገረ በኋላ ግን 48.13 ይገዛል ብለው ወሰኑ።

የአማርኛ ሕግ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። በእኛ የሕግ አጻጻፍ «ማንኛውም ሰው» ብሎ የሚጀምር ድንጋጌ አንድም ሰው ሳይቀር ማለቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ መብቶችን ሲዘረዝር በዚህ ቃል የሚጠቀመው የሚያስቀረው ሰው ስለሌለ ነው። ከተርታው ንግግር ብንመጣ ግን «ማናቸውንም አምጣልኝ» የተባለ ልጅ አንዱን ይዞ ቢመጣ ታዟል፤ ማንም አይቆጣውም። ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል። ትርጉሙን የሚወስነው የሚቀመጥበት ዐረፍተ ነገርና የሚያገለግለው ዓላማ ነው። የ48.12 ዐረፍተ ነገር ግዴታ የሚጥል ነው፣ «የመጨረሻው የተደረበ መኪና» ብሎም ይቆጥራል። መጨረሻ ያለው ነገር መጀመሪያና መካከልም አለው። ስለዚህ በእኔ ንባብ ትርጉሙ «ሁሉም» ነው፤ የሬድ ቡል ጠበቆች ክርክር ብልህ ቢሆንም የአንቀጹን ሁለተኛ ክፍል አይሻገርም። በዚያ መልእክት የተጎዳው ሃሚልተን ብቻ እንዳልነበረም መዘንጋት የለበትም። ሦስተኛ የነበረው ካርሎስ ሳይንዝ ከፊቱ ያሉት የተደረቡ መኪኖች ስላልተነሡለት በመጨረሻው ዙር ለመፎካከር ዕድል አላገኘም።

ይሁንና የክርክሩ ከባዱ ክፍል የቃሉ ፍቺ አልነበረም፤ የተጠየቀው ዳኝነት ነበር። መርሴዲስ ውጤቱ በ57ኛው ዙር መጨረሻ በነበረው አሰላለፍ እንዲጸና ጠየቀ። ዳኞቹ ይህ ውድድሩን ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳጠር ነው፣ ተገቢም አይደለም አሉ። እዚህ ላይ እውነት አላቸው። በተለመደ ሙግት ያለአግባብ የተወሰደ መሬት ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ያልተከፈለ ዕዳ ይከፈላል። ያልተሮጠ ዙር ግን በብይን አይሮጥም። ዳኛ ነጥብ ከአንዱ አንሥቶ ለሌላው መስጠት ይችላል፤ ደንቡ ተከብሮ ቢሆን ማን ያሸንፍ እንደነበር ግን ከግምት ያለፈ ነገር ሊያውቅ አይችልም።

ችግሩ በሁሉም የደንብ ጥሰት ላይ እኩል አይከብድም። በሜትርና በሚዛን የሚረጋገጠው ጥፋት የራሱን መልስ ይዞ ይመጣል። በ2024 ስፓ ላይ ጆርጅ ራስል አንደኛ ገባ፤ መኪናው ሲመዘን ከዝቅተኛው 798 ኪሎ 1.5 ኪሎ ጎደለ፤ ድሉ ወደ ሃሚልተን ተላለፈ። ሐዘን ነበር፣ ሙግት ግን አልነበረም። ይህን እኛም በሩጫ ቀምሰነዋል። በሴፕቴምበር 2021 የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ የጨረሰው ደራራ ሁሪሳ የጫማው ሶል ከተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር በልጦ በመገኘቱ ድሉን ተነጥቋል። አዲስ አበባ ሆኖ ዜናውን የሰማ ሁሉ አዝኗል፤ መስፈሪያው ሐሰት ነው ያለ ግን አልሰማሁም።

መስፈሪያም ቢሆን ሁልጊዜ ክርክርን አይዘጋም። በ1976 በስፔን ሃራማ ላይ ያሸነፈው ጄምስ ሃንት፣ ማክላረኑ ከተፈቀደው ስፋት 1.8 ሴንቲ ሜትር በልጦ ስለተገኘ ተሰረዘ። ልኬቱን ማንም አልካደም። ቡድኑ ይግባኝ ያለው ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም ብሎ ነው፤ በጁላይ ድሉ ተመለሰለት። በ1999 ማሌዥያ ሴፓንግ ላይ ደግሞ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለቱ ፌራሪዎች በጎን ክንፋቸው ልክ ምክንያት ተሰርዘው ነበር። ከቀናት በኋላ ፓሪስ የተሰየመው የይግባኝ ፍርድ ቤት ልዩነቱ ከሚፈቀደው የ5 ሚሊ ሜትር ክልል እንዳልወጣ አግኝቶ መለሳቸው። ጥያቄው የተነሣው ስለ ክንፉ ብቻ አልነበረም፤ ክንፉ የተለካበት መንገድም አከራክሯል።

ወደ 1976 ልመለስ፤ ያ ዓመት ለዚህ ጉዳይ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነውና። ጁላይ 18 ብራንድስ ሃች ላይ በመጀመሪያው ዙር መኪኖች ተጋጭተው ውድድሩ በቀይ ባንዲራ ቆመ። የሃንት መኪና ተጎድቷል። ደንቡ ዳግም ለመነሣት የሚያበቃው ባንዲራው ሲወጣ በውድድር ላይ የነበረውን ነው፤ ታዲያ ያን ጊዜ የሃንት መኪና እየተንቀሳቀሰ ነበር ወይስ ቆሟል? ባለሥልጣናቱ ሲያመነቱ የእንግሊዝ ተመልካች እጁን እያጨበጨበ፣ እየጮኸ ስሙን ጠራ። ጥገናው በዚያ ጩኸት መካከል አለቀ፤ ሃንት ተሰልፎ አሸነፈ። ፌራሪ ይግባኝ አለ። ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን ድሉ ተነሥቶ ለፌራሪው ኒኪ ላውዳ ተሰጠ። በመካከሉ ላውዳ ኑርበርግሪንግ ላይ በእሳት ተቃጥሎ ከሞት ተርፏል፣ ቁስሉ ሳይሽር ሞንዛ ላይ ተመልሶ ነድቷል። የዓመቱ ሻምፒዮና በመጨረሻ በአንድ ነጥብ ተወሰነ፤ ሃንት 69፣ ላውዳ 68። እያንዳንዱ ብይን በየፊናው ምክንያት ነበረው። አንድ ላይ ሲታዩ ግን አሽከርካሪዎቹ ለወራት ስንት ነጥብ እንዳላቸው በትክክል ሳያውቁ ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ጥለው ይነዱ ነበር። ይህ የማይገባ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የስፖርቱ መሪዎች መድኃኒት ብለው ያገኙት በሩን ማጥበብ ነው። በውድድር መካከል የሚጣሉ አንዳንድ ቅጣቶች ይግባኝ እንዳይባልባቸው ተደነገገ። በ2008 ስፓ ላይ አንደኛ የገባው ሃሚልተን መታጠፊያ ቆርጦ ጥቅም አግኝቷል ተብሎ 25 ሰከንድ ተጨመረበት፤ ሦስተኛ ሆነ፣ ድሉም ለፌሊፔ ማሳ ሄደ። የያኔው ቡድኑ ማክላረን ይግባኝ ሲል ፍርድ ቤቱ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ አቤቱታውን መቀበል እንደማይችል ገለጸ፤ ቅጣቱ ይግባኝ ከማይባልባቸው ወገን ነውና። ውሳኔ ቶሎ የማግኘት ጥቅሙ ይገባኛል። ውጤቱ ግን እንግዳ ነው፦ በቴፕ ሜትር የሚለካው ጥፋት እስከ ላይኛው ችሎት ይደርሳል፣ አስተያየትና ግምት የበዛበት፣ ስለዚህም ለስህተት የሚቀርበው ውሳኔ ደግሞ የሚመረምረው የለም። እኔ ቢሆን ይህን እገለብጠው ነበር።

ያው የ2008 ዓመት ከዚህ የከፋ ጥያቄ ትቷል። ሲንጋፖር ላይ የሬኖው ኔልሰን ፒኬ ታናሹ የቡድን ባልደረባውን ፈርናንዶ አሎንሶን ለመጥቀም ሆን ብሎ ከግንብ ጋር እንደተጋጨ በቀጣዩ ዓመት ተገለጠ። ሲመራ የነበረው ማሳ ግርግሩ በፈጠረው የጎማና የነዳጅ ትርምስ ያለ ነጥብ ወጣ፤ ሃሚልተን ሦስተኛ ሆኖ 6 ነጥብ ያዘ። ሻምፒዮናው በሃሚልተን አሸናፊነት የተወሰነው 98 ለ97 ነው። ሲንጋፖር ቢሰረዝ ማሳ በ97 ቆሞ፣ ሃሚልተን 92 ይሆን ነበር። ነገር ግን የዓመቱ ውጤት ከሽልማት ሥነ ሥርዓቱ በኋላ እንዳይነካ ተቆልፏል፤ በእኛ የሕግ ቋንቋ ይርጋ አግዶታል። በ2023 በታተመ ቃለ ምልልስ የቀድሞው የንግድ ኃላፊ በርኒ ኤክልስተን ነገሩ በዚያው በ2008 ይታወቅ እንደነበር የሚጠቁም ቃል ከተሰማ በኋላ ማሳ በማርች 2024 ለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2025 የክሱ ከፊል ወደ ሙሉ ሙግት እንዲያልፍ ፈቅዷል፤ የሻምፒዮናውን ውጤት ግን አይለውጥም። እውነትን ለደበቀ ሰው ይርጋ መጠጊያ ሊሆነው አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ይርጋ የተሠራው መብቱን እያወቀ ለተኛ እንጂ ለተታለለ አይደለም።

ወደ አቡ ዳቢ ስንመለስ፣ መርሴዲስ ይግባኙን ለማጽናት 96 ሰዓት ነበረው። ዲሴምበር 16 ቀን ተወው። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ኤፍ አይ ኤ፣ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን እንደሚያቋቁም አስታውቆ ነበር፤ ብዙዎችም የቡድኑን ውሳኔ ጨዋነት ብለው አመሰገኑት። እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ዋንጫውን ለመመለስ ሳይሆን ለትርጉሙ ሲባል ይግባኙ መቀጠል ነበረበት። የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ዋጋው ለተከራካሪዎቹ ብቻ አይደለም፣ ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ነው። በማርች 2022 የወጣው የኤፍ አይ ኤ ሪፖርት ማሲ በቅን ልቦና እንደሠራ፣ የሰው ስህተት ግን እንደነበር ገለጸ። እሱ አስቀድሞ ከኃላፊነቱ ተነሥቷል። የአዲሱ ዓመት ደንብም «ማናቸውም» የሚለውን በ«ሁሉም» ተካ። ነገሩ ተስተካከለ፣ ነገር ግን አንቀጽ 48.12 በዚያች ምሽት ምን ይል እንደነበር፣ 48.13ም በእርግጥ ይበልጠው እንደሆነ የፈረደ የይግባኝ ችሎት የለም።

መልካም እርማት ምን እንደሚመስል ሳስብ የሚመጣልኝ የ2003ቱ የብራዚል ውድድር ነው። ኢንተርላጎስ ላይ በዝናቡና በተከታታይ ግጭት ምክንያት ቀይ ባንዲራ ወጣ፤ የጆርዳኑ ጂያንካርሎ ፊዚኬላ እየመራ ነበር። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ውጤቱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወሰዳል፤ በቆጠራውም ኪሚ ራይኮነን በ53ኛው ዙር ይመራ ስለነበር አሸናፊ ተባለ። ፊዚኬላ ሁለተኛ ሆኖ ቆመ፤ መኪናው ከታች ቆሞ እሳት ተነሥቶበት ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት የሰዓት መዝገቡ ሲመረመር ባንዲራው ከመውጣቱ በፊት ፊዚኬላ 56ኛውን ዙር ጀምሮ እንደነበር ተረጋገጠ፤ ስለዚህ ውጤቱ ከ54ኛው ዙር መወሰድ ነበረበት፣ በዚያም የሚመራው እሱ ነው። ፓሪስ ላይ ውሳኔው ሲታረም አምስት ቀን ብቻ አልፎ ነበር። የሕይወቱ የመጀመሪያ የፎርሙላ ዋን ድል ነበር፤ ጆርዳንም ከዚያ ወዲያ አላሸነፈም። በሚቀጥለው ውድድር ኢሞላ ላይ ሁለቱ ወጣቶች የእሽቅድምድም ልብሳቸውን እንደለበሱ ተገናኙ፤ ራይኮነን ዋንጫውን አሳልፎ ለባለቤቱ ሰጠው።