«ሎግ» ተብሎ የተሰረዘው

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጊዜ ካላችሁ አረፍ በሉና የአንድ ፎልደር ታሪክ ላውጋችሁ። ፎልደር ምን ታሪክ አለው እንዳትሉኝ፤ በእሱ ሳቢያ የዓመታት መረጃ በአንድ ሌሊት ደብዛው ጠፍቷል፣ ስንቱ የሰርቨር ተረኛም እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር አንግቷል።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆሴ ከተማ፣ አይቢኤም የምርምር ማዕከል ነበረው፤ በማዕከሉም ሲስተም አር የተባለ ዳታቤዝ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ጂም ግሬይ የሚባሉ ሰው ነበሩና አንድ ጥያቄ ይዟቸው ነበር። ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ተቀንሶ ወደ ሌላው ሳይገባ፣ ልክ በመካከሉ መብራት ቢጠፋ፣ ያ ገንዘብ የማን ነው? ላኪው ጋ የለ፣ ተቀባዩ ጋ የለ። ማሽኑስ ተመልሶ ሲነሣ በምን ያውቃል?

መልሱን ስትሰሙት ቀላል ነው። ዳታውን ከመንካትህ በፊት ልታደርግ ያሰብኸውን ጻፍ፤ የጻፍኸውም ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጥ፤ ከዚያ በኋላ ለደንበኛው «ተፈጽሟል» በለው፤ ዋናውን ዳታ ቀስ ብለህ፣ ጊዜ ስታገኝ ታስተካክለዋለህ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ያንን ጽሑፍ ከመጨረሻው ማረፊያ፣ ቼክፖይንት ከሚሉት ቦታ ተነሥተህ ታነባለህ፣ የጎደለውን ትሞላለህ፣ ሳያልቅ የቀረውን ትሽራለህ። ያ ጽሑፍ ነው እንግዲህ ሎግ የሚባለው። ግሬይ ይህንን በ1978 በማስታወሻ መልክ አሳተሙት፣ በ1981 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሲስተም አር ላይ እንዴት እንደሠራ ጻፉት፣ በ1998ም በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበሉ።

እኚህ ሰው በጃንዋሪ 28 ቀን 2007፣ እሑድ ዕለት፣ የእናታቸውን አመድ በፋራሎን ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ሊበትኑ ብቻቸውን በጀልባ ከሳን ፍራንሲስኮ ወጡ፤ ቀኑም ጥርት ያለ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልተመለሱም። የጠረፍ ጠባቂዎች በአውሮፕላንና በመርከብ ፈለጉ፣ ወዳጆቻቸውም የሳተላይት ፎቶ አስነሡ፣ ብዙ በጎ ፈቃደኞችም ያንን ፎቶ በኢንተርኔት እየተከፋፈሉ ማዕበሉን በዓይናቸው አሰሱ፤ ጀልባዋም እሳቸውም አልተገኙም። ነፍሳቸውን ይማር። ይህን የምነግራችሁ ገንዘብ በላካችሁ፣ ትኬት በቆረጣችሁ ቁጥር የእሳቸውና የባልደረቦቻቸው ሥራ ከኋላ ሆኖ እንደሚጠብቃችሁ ብታውቁ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ወደ ፎልደሩ ልመለስ። ግሬይ ዶክትሬታቸውን በያዙበት በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1986 ፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ መሥራት ጀምረው ነበር። የእሳቸው ሐሳብ ሌላ ነበር፤ አሮጌው ዳታ ሳይደመሰስ አዲሱ ከጎኑ ከተጻፈ እንዲህ ያለው ሎግ ለምን ያስፈልጋል የሚል። ኋላም ዓመታት አለፉ፣ ሥራው ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ገባ፣ ስሙም ፖስትግሬስኪውኤል ሆነ፣ በ2001 በወጣው 7.1 ዕትም ላይም አስቀድሞ የመጻፉን መንገድ፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ዋል» የሚሉትን፣ ተቀበለ። ሎጉ የሚቀመጥበት ፎልደርም «ፒጂ ኤክስሎግ» ተባለ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው በየአገሩ የሆነ ነውና እንደ አንድ ሌሊት አድርጌ ልንገራችሁ። ሰርቨሩ ለዓመታት ሳይጠፋ የሠራ ነው፣ የሚያስታውሰውም የለም፣ ደህና ሠራተኛ እንዲህ ነውና። ከዕለታት በአንዱ ዲስኩ ይሞላል። ሰርቨሩ ሎጉን መጻፍ ካልቻለ ቃሉን መጠበቅ አይችልምና ራሱን ያቆማል፣ ደንበኞችም ያንን የለመድነውን «ሲስተም የለም» ይሰማሉ፣ የተረኛውም ስልክ መጮህ ይጀምራል። ልጁ በእንቅልፍ ዓይኑ ይገባል፣ ዲስኩን ማን እንደበላው ይፈልጋል፣ አንድ ፎልደርም ያገኛል። በውስጡ ሺሕ ምናምን ፋይል ተደርድሯል፤ ሁሉም እኩል 16 ሜጋባይት፣ ሁሉም በዜሮዎች የሚጀምር፣ ስሙ 24 ፊደልና አኃዝ የሆነ፣ ተከፍቶ ቢታይ የማይነበብ። የፎልደሩ ስም ደግሞ «ሎግ» ይላል። ሊኑክስ ላይ ያደገ ልጅ ሎግ ሲባል ምን ያውቃል? ሲበዛ የሚሰረዝ ነገር ነው። እናም ይሰርዘዋል፣ ዲስኩም ይተነፍሳል፣ ልጁም አብሮ ይተነፍሳል፣ ከዚያም ሰርቨሩን ያስነሣና ሰርቨሩ ትክክለኛ የቼክፖይንት መዝገብ ማግኘት አልቻልሁም ብሎ አልነሣም ይላል።

በዚያች ደቂቃ ባክአፕ ያለው ይድናል። የሌለው አስተማማኝ መውጫ የለውም።

ፖስትግሬስን የሚሠሩት ሰዎች ይህን ወሬ ደጋግመው ሰሙ። ሰነዱን አላነበባችሁም ብለው ተጠቃሚውን መውቀስ ይችሉ ነበር፣ ብዙ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እነሱ ግን በኦክቶበር 2017 በወጣው 10ኛው ዕትም የፎልደሩን ስም ለወጡት። «ፒጂ ዋል» አሉት፤ ተመሳሳይ ዕጣ ሲደርስበት የኖረውን ሌላ ፎልደር፣ የትኛው ሥራ እንደተፈጸመ የሚመዘገብበትን «ፒጂ ክሎግ»ንም «ፒጂ ኤክስአክት» አሉት፤ ምክንያቱንም ሳይሸፋፍኑ ጻፉ፤ ሰዎች የማይረባ ሎግ መስሏቸው እየሰረዙ የማይመለስ መረጃ አጥተዋል፣ ለውጡም ይህንን ለመከላከል ነው ብለው። ስም መለወጥ ደግሞ በነፃ አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ የተጻፈ ስንትና ስንት የባክአፕ ስክሪፕት ተሰብሯል፣ ባለሙያውም ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አስተካክሏል። እኔ ግን ትክክል አደረጉ እላለሁ። በሌሊት፣ በድካምና በድንጋጤ ያለ ሰው የሚያነበው ሰነዱን ሳይሆን የፎልደሩን ስም ነው።

ስሙ ተለወጠ እንጂ ዲስኩ መሙላቱን አልተወም። ለምን ይሞላል? ይህ ነው ዋናው ነገር፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉብኝ።

በደህናው ጊዜ ሰርቨሩ ራሱ ያጸዳል። ሳይነኩት ከተተወ በየ5 ደቂቃው ቼክፖይንት ያደርጋል፣ ከዚያ ወዲያ የማያስፈልጉትን ፋይሎች ስማቸውን ለውጦ መልሶ ይጠቀምባቸዋል ወይም ያጠፋቸዋል፤ «ማክስ ዋል ሳይዝ» የሚባለውም ወሰን ሳይነካ 1 ጊጋባይት ነው፣ በሥራ ብዛት ቢታለፍም። እንግዲህ ፎልደሩ 300 ወይም 400 ጊጋባይት ሲደርስ አንድ የያዘው አለ ማለት ነው። ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን ገጽ ባለዕዳው ሳይከፍል እንደማይቀድ፣ ሰርቨሩም አንብቤ አልጨረስሁም የሚል ካለ ፋይሉን አይለቅም።

ያዡ አንዳንዴ ግልባጭ የሚላክበት ቦታ ነው። ሰርቨሩ እያንዳንዱን የሎግ ፋይል ወደ ሌላ ማሽን ገልብጥ ተብሎ ታዝዞ፣ የዚያኛው ማሽን ዲስክ ሞልቶ ወይም የይለፍ ቃሉ ተለውጦ መገልበጡ ይከሽፋል፤ ሰርቨሩም መድረሱን ካላወቀ አይሰርዝምና እየሞከረ፣ እየከሸፈ፣ እየከመረ ይኖራል።

ብዙውን ጊዜ ግን ያዡ ስሎት ነው። ስሎት በ2014 ከ9.4 ዕትም ጋር የመጣ ነው፤ ሬፕሊካ የሚባለው ተከታይ ሰርቨር እዚህ ድረስ አንብቤያለሁ፣ ቀሪውን አቆይልኝ የሚልበት ቦታ ነው፤ ሰርቨሩም ያቆይለታል። ደህና። ከዕለታት አንድ ቀን ያ ሬፕሊካ ለሙከራ የተነሣ ነበርና ይጠፋል፣ ያስነሣውም ሰው ሥራ ይለቃል፣ ስሎቱ ግን ይቀራል። ዋናው ሰርቨር ለማይመለስ እንግዳ ሎጉን ያቆያል፤ ሳምንት ያቆያል፣ ወር ያቆያል፣ ዲስኩ እስኪሞላ ያቆያል። በሌላውም ዳታቤዝ ነገሩ ይኸው ነው፤ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ፉል ሪከቨሪ በሚባለው ሁነታ ተደርጎ የሎግ ባክአፕ የማይወሰድለት ከሆነ ሎጉ ያለ ልክ ያድጋል።

እና ያ ሌሊት ሲደርስባችሁ፣ ልጆቼ፣ እጃችሁን ከ«ፒጂ ዋል» አንሡ። መጀመሪያ ዲስኩን አስፉ፤ ማስፋት ካልተቻለ ከዳታቤዙ ውጭ ያለ ነገር አንሡ። ለዚህ ቀን ብለው ለቦታ መያዣ ብቻ የሆነ ትልቅ ፋይል ዲስኩ ላይ አስቀምጠው የሚኖሩ ጠንቃቆች አሉ፣ እሱን ሰርዘው ሰርቨሩን ያስነሣሉ። ከዚያ «ፒጂ ሬፕሊኬሽን ስሎትስ» የሚለውን ሠንጠረዥ ክፈቱ፤ አክቲቭ በሚለው ዓምድ ሥር ፎልስ የተጻፈበትን ፈልጉ፣ የማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ባለቤት ከሌለው አውርዱት። «ፒጂ ስታት አርካይቨር»ንም እዩ፤ መገልበጡ መቼ እንደከሸፈ እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ምክንያቱን አስተካክሉ። ከዚያ ቼክፖይንት እዘዙ። ፋይሎቹን ሰርቨሩ ራሱ ያወርዳቸዋል፣ የትኛው እንደሚያስፈልግና እንደማያስፈልግ የሚያውቀው እሱ ነውና።

በ2020 የወጣው 13ኛው ዕትም ለስሎት ወሰን ማበጀት አስችሏል፤ ካልተነካ ግን ወሰን የለውም፣ እናንተ ናችሁ የምታበጁለት። ወሰኑ ሲታለፍ ሰርቨሩ ሎጉን ይለቃል፣ ወደኋላ የቀረው ሬፕሊካም እንደገና ከመጀመሪያው መሠራት ሊኖርበት ይችላል። ይህን የሚፈሩ አሉ። እኔ ግን አልጠራጠርም፤ ሬፕሊካ ቢወድቅ በቀን ሥራ ይመለሳል፣ ዋናው ሰርቨር ቢቆም ግን ሕዝብ ይቆማል።

ሎግ ሁሉ ግን አይነካም ማለቴ አይደለም፤ በሚነበብ ጽሑፍ የሚጻፈው ሎግ፣ ሰርቨሩ ስሕተቱንና ውሎውን የሚመዘግብበት፣ እሱ ሌላ ነው፤ ሊሰረዝ ይችላል። ሆኖም ሰርቨሩ ከፍቶ የያዘውን ፋይል ብትሰርዙት ሰርቨሩ እስኪዘጋው ድረስ ቦታው አይመለስም፤ ፋይሉ ከዓይን ይጠፋል፣ ዲስኩ እንደሞላ ይቀራል። ስለዚህ በየቀኑ አዲስ ፋይል እንዲከፍት አድርጉት፣ ስሙንም በሳምንቱ ቀናት ሰይማችሁ አሮጌው ላይ እንዲጽፍ እዘዙት፤ የሰኞው በሰኞ ይተካል፣ ከ7 ፋይልም አይበልጥም።

እንግዲህ የሰርቨር ኃላፊነት በእጃችሁ ያለ ሁሉ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ የስሎቶቻችሁን ዝርዝር ክፈቱ። ባለቤቱ የማይታወቅ ስም ካገኛችሁ ዲስኩ ገና ቦታ ሳለው፣ ዛሬውኑ ጠይቁ።