ምራቅ መዋጥ ሲያቅት

በኮቪድ ሰሞን «ቬንቲሌተር» የሚለውን ቃል ያልሰማ አልነበረም። ታሪኩን ወደ ኋላ ስንከተለው ግን ከሳንባ ይልቅ ጉሮሮ ላይ ያደርሰናል።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1952፣ ከተማው ኮፐንሃገን ነው። የልጅነት ልምሻ ዴንማርክን ክፉኛ መታት። ታማሚዎቹ የሚገቡት ብሌግዳም የተባለው የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ነበር። ልምሻ ሲባል እኛ ትዝ የሚለን የሰለለ እግር ነው። ያን ዓመት ግን ቫይረሱ በብዙዎቹ ላይ ከሰረሰር ከፍ ብሎ የአንጎልን ግንድ ያዘ።

እስቲ አንድ ጊዜ ምራቃችሁን ዋጥ አድርጉ። ምላሳችሁን ያንቀሳቀሰው 12ኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። 9ኛው ጉሮሮ ላይ የደረሰውን ለአንጎል ያሳውቃል። 10ኛው፣ ቬገስ የሚባለው፣ የጉሮሮን ጡንቻ ያኮማትራል፤ የድምፅ አውታሮችንም ገጥሞ የአየር ቧንቧውን ይዘጋል። መንጋጋና ከንፈር የ5ኛውና የ7ኛው ድርሻ ናቸው። ይህን ሁሉ የሚያቀናብረው የአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል ሲሆን፣ የትንፋሽ ማዘዣውም እዚያው ጎረቤት ነው።

እነዚህ ሲሰልሉ ምራቅ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሰው በገዛ ምራቁ ይሰጥማል ማለት ነው። ሆስፒታሉ የነበሩት ጥቂት መሣሪያዎች ደረትን ከውጭ እየሳቡ የሚያስተነፍሱ ስለነበሩ፣ ከአየሩ ጋር ምራቁንም ያስገቡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በመሣሪያዎቹ ከታከሙት 31 ታማሚዎች 27ቱ ሞቱ።

የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ላሰን በመጨረሻ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም አስጠሩ። ያኔ ሰመመን ሰጪን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ውጭ ማን ይፈልገዋል! ሌሎቹ ግራ የተጋቡበትን የደም ውጤት ኢብሰን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መታፈን ምልክት አድርጎ አነበበው። ኦገስት 27 ቀን ሞት አፋፍ ላይ በነበረች የ12 ዓመት ልጅ አንገት ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባ። ቱቦው ዙሪያውን የሚነፋ ፊኛ ስላለው ከላይ የሚወርደውን ምራቅ ያግዳል። ልጅቷ መጀመሪያ ታገለች፤ በማደንዘዣ ጸጥ አሰኛትና አየሩን ከከረጢት በእጁ እየጨመቀ ሰጣት። ተረፈች።

ከረጢቱን ግን ቀንና ሌሊት፣ ለሳምንታት የሚጨምቅ ሰው ያስፈልጋል። ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች ተራ ገቡ። የሞቱ መጠን ከግማሽ በታች ወረደ። ታሪክ የኢብሰንን ስም ይዟል፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚያስገርሙኝ እነዚያ ስም የለሽ እጆች ናቸው።

ኢብሰን በ1953 መጨረሻ ሌላ የኮፐንሃገን ሆስፒታል ውስጥ የከፈተው ክፍል በብዙዎች ዘንድ የመጀመሪያው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ይባላል።

ልምሻን ክትባት ከአብዛኛው ዓለም አባሮታል፤ እነዚያን ነርቮች ዛሬ በብዛት የሚያሰናክላቸው ስትሮክ ነው። ሐኪሞች መዋጥ መቻሉን ሳይፈትሹ ለታማሚው ምግብ የማይፈቅዱት ለዚህ ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ በቴርሞስ አጥሚት ይዞ በር ላይ ቆሟል።