ዘግይቶ የመጣ ክብር

ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ወደ ጣና በሚወርዱበት በፎገራ ሜዳ፣ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚገነጠልበት ከወረታ አንሥቶ፣ አዝማሪ ማሲንቆውን አንግቶ ከሠርግ ወደ ሠርግ የሚዞርበት ልማድ ከጥንት የነበረ ነው፤ ነገር ግን ያው በዳሱ ውስጥ የሚሸልመው ሕዝብ «አዝማሪ» የሚለውን ስም ለስድብ ማዋሉ፣ በገናን የዳዊት መዝሙር መሣሪያ ብሎ እያከበረ ክራርን ለዘፈን ብቻ የተሠራ አድርጎ መናቁ እጅግ ያሳዝናል።

ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የተነሡት ይህ ንቀት በመላ አገሪቱ በጸናበት ዘመን ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ተውኔት አዲስ አበባ ውስጥ መድረክ ላይ እስኪወጡ ድረስ፣ የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱና ሻሽ ያሰሩ ወንዶች ነበሩ፤ እርሳቸው ግን የሴትን ነገር ሴት ትናገረው ዘንድ በር ከፈቱ፣ ኋላም ክራራቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰምና ወርቅ ባለው ግጥም ፍቅርንና ትዝታን አዜሙ።

የሲኒማ ጥበብ ግን ለእርሳቸው ዘገየ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በፈረንሳይ የሚታተመው «ኢትዮጲክስ» የተባለ ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቅጹን ለዜማቸው ሲሰጥ እርሳቸው ወደ እርግና ገብተው ነበር፤ ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወታቸው ያዘጋጀችው «አስኒ» የተባለው ፊልም ለተመልካች የቀረበው መስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነው።

ስለ እርጅና ሞገስ ለሚያስብ የጣና ዳር ሰው ሌላም ምስክር አለ፤ የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ፊልም፣ ከባዕድ አገር ቆስሎ የተመለሰውን ልጅ የምትቀበል አንዲት አረጋዊት የገጠር እናት አሳይቶናል፤ ፊልሙም በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አገኘ። የእናቲቱ ዝምታና ጥበቃ የፊልሙ ልብ ነው።

ስለዚህ የወረታና የፎገራ ወጣቶች ሆይ፣ በየቀበሌያችሁ ያሉትን አረጋውያን አዝማሪዎችና ዘፋኝ እናቶች ድምፃቸው ሳይጠፋ፣ በሕይወት ሳሉ ቅረጹ፤ ስማቸውንም በክብር ጻፉ።