የአንዲት ትንሽ መርከብ መዝገብ

ስለ ባሕር ጉዞ የተጻፉ ታሪኮችን የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ወይ አዲስ አገር ያገኘ መርከበኛ፣ ወይ የጦር መርከቦች ድልና ሽንፈት፣ ወይም በማዕበል የሰጠመ መርከብ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሣት ያሰብሁት መርከብ ግን አዲስ አገር ያላገኘች፣ መድፍ ያልጫነች፣ ቁመቷም ከ24 ሜትር የማያልፍ የዓሣ አጥማጆች መርከብ ናት። ይህች መርከብ በ1940 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ስድስት ሳምንት ያህል በምድረ በዳ ደሴቶች መካከል ስትዘዋወር ቆይታ ይዛ የተመለሰችው ዋና ሀብት አንድ ዝርዝር ነበር። ዕለት ዕለት ከመዝገብ ጋር የምውል የቢሮ ሰው በመሆኔ ይሆናል፣ ከጉዞው ሁሉ ይልቅ እኔን የሳበኝ ይኸው ዝርዝር ነው።

ቦታው የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ነው። በሜክሲኮ ምዕራብ በኩል ባኻ ካሊፎርኒያ የተባለው ረጅምና ቀጭን ልሳነ ምድር ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ በእርሱና በዋናው ምድር መካከል የታቀፈው ባሕር ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የእስፓኙ መርከበኛ ፍራንሲስኮ ዴ ኡሎዋ በኤርናን ኮርቴስ ተልኮ በ1539 እስከ ባሕሩ ራስጌ ድረስ ከተጓዘ በኋላ፣ ያ ምድር ደሴት አለመሆኑ ታውቆ ነበር። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የነበሩት የካርታ ሠሪዎች የእርሱን ወሬ ትተው ካሊፎርኒያን እንደ ደሴት ይስሏት ጀመር። አንድ ጊዜ በትክክል የተጻፈ ነገር አንባቢ ሲያጣ እንዴት ተመልሶ እንደሚጠፋ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ባሕሩ በኮርቴስ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ በጥንት ጊዜ ግን ቀይ ባሕር የሚል ትርጕም ያለው ሌላ ስምም ነበረው። ለእኛ ጆሮ እንግዳ ያልሆነ ስም ነው፤ በእርግጥም ሁለቱ ባሕሮች በአፈጣጠር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ ሲራራቅ በመካከሉ የገባ ውሃ ናቸውና።

ደሴቶቹ ደረቆች ናቸው። ዝናም እምብዛም አያውቃቸውም፤ ተራሮቻቸው ቀይና ግራጫ ሆነው ራቁታቸውን ከውሃው ይወጣሉ፤ በላያቸውም እንደ ምሰሶ የቆመ ቁልቋል ይታያል። በዚያው ምድር የሚበቅል፣ ግንዱ እንደ ዝሆን እግር ያበጠ አንድ ዛፍ አለ፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ከእኛ የዕጣንና የከርቤ ዛፍ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመድቡታል። ባሕሩ ግን በተቃራኒው የጠገበ ነው። ነፋሱና የባሕሩ መሙላትና መጉደል ቀዝቃዛውን ውሃ ከጥልቁ ወደ ላይ ያወጡታል፤ ከእርሱም ጋር ምግብ የሚሆነው ሁሉ ይወጣል፤ ደቃቁን ፍጥረት ትንሹ ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ትልቁ፣ ሁሉንም ደግሞ ፔሊካኑና የባሕር አንበሳው ይበሉታል። በዚህ ባሕር 891 ዓይነት ዓሣ ተቈጥሯል፤ ከነዚህም 90ዎቹ በሌላ ስፍራ አይገኙም። በዓለም ካሉት የዓሣ ነባሪና የዶልፊን ዓይነቶች አንድ ሦስተኛው በዚያ ይታያሉ።

ይህን ቍጥር ማን ጀመረው ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ወደ ትንሿ መርከብ ልመለስ። በካሊፎርኒያ ጠረፍ በሞንተሬ ከተማ ኤድዋርድ ሪኬትስ የሚባል ሰው የባሕር እንስሳትን እየሰበሰበና እያደረቀ ለትምህርት ቤቶች በመሸጥ ይኖር ነበር። በ1936 እሳት ተነሥቶ ቤተ ሙከራውን ከነወረቀቱ በላው፤ ስለ ባሕር ዳር እንስሳት የጻፈው መጽሐፍ የተረፈው ረቂቁ አስቀድሞ ለአሳታሚው ተልኮ ስለነበረ ብቻ ነው። የዚህ ሰው የልብ ወዳጅ ዮሐንስ ወይም በእነርሱ አጠራር ጆን ስታይንቤክ የተባለው ደራሲ ነበረ። ስታይንቤክ በ1939 ስለ ድሀ ገበሬዎች ስደት ባሳተመው ልብ ወለድ ምክንያት ምስጋናውም እርግማኑም በዝቶበት፣ ከሰው ፊት ገለል ማለት ይመኝ ነበር። ሁለቱም ተማክረው ዌስተርን ፍላየር የተባለችውን፣ በ1937 በታኮማ ከተማ የተሠራችውን ሰርዲን አጥማጅ መርከብ ተከራዩ። ማርች 11 ቀን 1940 ከሞንተሬ ተነሥተው አፕሪል 20 ቀን ተመለሱ።

በመርከቢቱ ላይ የነበሩት ሰባት ናቸው። ካፒቴኑ፣ መካኒኩ፣ ሁለት መርከበኞች፣ ሪኬትስ፣ ስታይንቤክና የስታይንቤክ ሚስት ካሮል። ከጉዞው በኋላ በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ግን የካሮል ስም አይገኝም። ሸርጣኑ ሁሉ በስሙ በተመዘገበበት መጽሐፍ አብራ የተጓዘች ሴት መዘለሏን ሳነብ ፈገግም አልሁ አዘንሁም።

ሥራቸው ይህ ነበር። ባሕሩ የሚጐድልበትን ሰዓት ጠብቀው ወደ ደሴቱ ዳር ይወርዳሉ፤ ድንጋዩን ይገለብጣሉ፤ ኮከብ ዓሣውን፣ ሸርጣኑን፣ ትሉን፣ ቀንድ አውጣውን ይለቅማሉ። ከዚያ ወደ መርከባቸው ተመልሰው እስከ ሌሊት ድረስ ይለያሉ፤ እያንዳንዱንም በመድኃኒት ነክረው የተገኘበትን ቦታና ቀን ጽፈው በጠርሙሱ ላይ ይለጥፋሉ። ወደ ዳር የሚያደርሳቸው የትንሿ ጀልባ ሞተር በሚፈለግበት ጊዜ የማይነሣ ስለነበረ ብዙውን ጊዜ እየቀዘፉ ነበር የሚሄዱት። በዚህ ዓይነት በፑልሞ ድንጋያማ ዳርቻ፣ በኤስፒሪቱ ሳንቶ፣ በላ ፓዝ፣ በሎሬቶ፣ በአንኼል ዴ ላ ጓርዳ፣ በቲቡሮን አልፈው እስከ ጓይማስ ዘለቁ። ከ500 በላይ ዓይነት እንስሳት መዘገቡ። ሪኬትስ ብርቅ የሆነውን ብቻ የሚፈልግ ሰብሳቢ አልነበረም፤ የትኛው ፍጥረት የበዛ፣ የትኛው ያነሰ፣ ከማን ጋር ጐረቤት ሆኖ የሚኖር መሆኑን ይጽፍ ነበር። ሊቃውንት ተራ ነገር ነው ብለው የሚያልፉትን፣ በየድንጋዩ ሥር የሚገኘውን ፍጥረት፣ እርሱ ከሁሉ አስቀድሞ ይመዘግበዋል።

በጓይማስ አጠገብ ግን ሌላ ዓይነት መርከቦች አገኙ። የጃፓን መርከቦች የባሕሩን ወለል በመረብ እየጠረጉ ሽሪምፕ ያወጡ ነበር። ተጓዦቹ በእንግድነት ወደ መርከቡ ወጥተው ሲመለከቱ፣ ሽሪምፑ ከተመረጠ በኋላ ከእርሱ ጋር የወጣው እጅግ ብዙ ዓሣ ሞቶ ተመልሶ ወደ ባሕር ይጣላል። ጃፓኖቹ በደግነት ተቀበሏቸው፤ እንዲያውም ለስብስባቸው የሚሆን እንስሳ መርጠው እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው። ደግ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥፋት መሥራታቸውን መጽሐፉ ሳይሸፍንና ሳይሳደብ ይናገራል።

መጽሐፉ የታተመው አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በዲሴምበር 1941 ነው። እንዲህ ባለ ወር ስለ ኮከብ ዓሣ የሚያነብ ጥቂት መሆኑ አይደንቅም። ሪኬትስ በ1948 መኪናውን ባቡር መቶበት ሞተ። በ1951 መጽሐፉ እንደገና ሲወጣ አሳታሚው የጉዞውን ትረካ ብቻ አስቀርቶ የእንስሳቱን ዝርዝር አወጣው፤ በሽፋኑም ላይ የስታይንቤክ ስም ብቻ ቀረ። ትረካው የሚጣፍጥ በመሆኑ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ እኔም መጀመሪያ ያወቅሁት በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ የቀረው ሥጋው፣ የወጣው አጥንቱ ነበር።

የዝርዝሩ ዋጋ የታወቀው ኋላ ነው። ከሃያ የሚበልጥ ክንድ ያለው፣ ሄሊያስተር የተባለ አንድ ኮከብ ዓሣ አለ። በ1940 በየቦታው የሚታይ እጅግ የተለመደ ፍጥረት ነበር። በ1978 የባሕሩ ውሃ በሞቀበት ወራት ይህ ኮከብ ዓሣ በድንገት አለቀ። ያ ዝርዝር ባይኖር ኖሮ፣ ዛሬ ወደ ዳርቻው የሚወርድ ወጣት ተማሪ አንድም ሳያይ ቢመለስ፣ ነገሩ ከጥንትም እንዲህ ነው ብሎ ያምን ነበር። እንዲሁም በ2004 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በሌላ ትንሽ መርከብ ያንኑ መንገድ ተከትለው ተጓዙ። ትልልቁ ቀንድ አውጣና ኮከብ ዓሣ አንሶ፣ የቀድሞዎቹ ተጓዦች በብዛት ያዩት ኤሊና ሻርክ ብርቅ ሆኖ አገኙት፤ በአንጻሩ በ1940 ያልተመዘገበው ትልቁ ስኩዊድ በዝቶ ነበር። ጐደለ ወይም ጨመረ ለማለት የቻሉት የሚያነጻጽሩበት ጽሑፍ ስለነበራቸው ነው።

መዝጋቢ ሁሉ ግን እንደ ሪኬትስ ንጹሕ እጅ አልነበረውም። ከልሳነ ምድሩ ወዲያ ማዶ፣ በሰላማዊው ውቅያኖስ በኩል፣ ግራጫው ዓሣ ነባሪ ከሰሜን ዋልታ አካባቢ በየክረምቱ እየወረደ የሚወልድባቸው ጸጥ ያሉ የባሕር ሐይቆች አሉ። አሜሪካዊው ካፒቴን ቻርልስ ስካመን በ1857 ኦኾ ዴ ሊየብሬ ወደተባለው ሐይቅ የሚያስገባውን ጠባብ በር አግኝቶ ገባ። ዘይት ፈልጎ ነው የመጣው። እናቶቹ ስለ ልጆቻቸው ሲሉ ጀልባውን እየመቱ ስለሚሰብሩ አጥማጆቹ የሰይጣን ዓሣ የሚል ስም አወጡላቸው። ሌሎችም መርከቦች ተከትለውት መጡና በጥቂት ክረምት ሐይቁ ባዶ ሆነ። ይኸው ስካመን በ1874 ስለ እነዚህ እንስሳት ያሳተመው መጽሐፍ በዘመኑ ወደር ያልነበረው ነው፤ ዘሩ ከምድር ይጠፋ ይሆን የሚለውን ጥያቄም ያነሣው ራሱ ነው። የሚወጋውም የሚጽፈውም ያው አንድ እጅ ነበር። እኔ በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ግራጫው ዓሣ ነባሪ በ1937 በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በኋላም በ1946ቱ ተጠብቆ ቀስ በቀስ በዛ። በ1972 ፍራንሲስኮ ማዮራል የተባለ አጥማጅ በሳን ኢግናሲዮ ሐይቅ በትንሽ ጀልባው ሳለ አንድ ዓሣ ነባሪ ቀርቦ ከጀልባው አጠገብ ቆመ። ሰውየው እንደ ጐረቤቶቹ ሁሉ የሚፈራው እንስሳ ነበር፤ ሆኖም እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሐይቅ ጐብኚዎችን በትንንሽ ጀልባ እየጫኑ ዓሣ ነባሪ ማሳየት ለአጥማጆቹ የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። ነገሩ ግን ተረት አይደለም፤ በ2016 ወደ 27,000 ይጠጋ የነበረው ቍጥራቸው በ2025 ወደ 13,000 ገደማ ወርዷል።

በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የምታንስ ራሳ የምትባል ጠፍጣፋ ደሴት አለች። በ19ኛው ምዕት ዓመት ሠራተኞች የወፍ ኩስ ለማዳበሪያ ሲጭኑባት ድንጋዩን እየለቀሙ ከምረውት፣ ክምሩ እስከ ዛሬ ይታያል። ከእነርሱ በኋላ እንቁላል ለቃሚዎች መጡ። የሜክሲኮ መንግሥት በ1964 ደሴቲቱን የወፎች መጠለያ ብሎ አወጀ፤ በ1995 ደግሞ ከመርከብ ወርዶ የተራባው አይጥ ተለቅሞ ጠፋ። አሁን ሁለት ዓይነት የባሕር ወፎች፣ ከነገዳቸው ከመቶ ዘጠናው የሚበልጠው፣ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በዚህች ቁራሽ ድንጋይ ላይ ነው። የዌስተርን ፍላየር ሰዎች በወረዱበት በፑልሞም እንዲሁ፣ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ማጥመድ እንዲቀር ተስማምተው በ1995 ቦታው ተከለለ፤ ከ1999 እስከ 2009 ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ የዓሣው ክብደት ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ።

በ1940ው ዝርዝር ውስጥ የሌለ አንድ እንስሳ አለ። ቫኪታ ይባላል፤ ከዶልፊን ጋር የሚዛመድ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ፣ በዚሁ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ብቻ የሚገኝ ፍጥረት ነው። ሊቃውንት ስም የሰጡት በ1958፣ በተገኙ የራስ ቅሎች ብቻ ነበር። በ1997 ሲቈጠር 567 ያህል ሆኖ ተገመተ። ቶቶአባ የተባለውን ትልቅ ዓሣ ለመያዝ በድብቅ የሚዘረጋው መረብ ቫኪታንም አብሮ ስለሚይዝ፣ በ2023 ፍለጋ ሲደረግ የታዩት ከ10 እስከ 13 ነበሩ። ቶቶአባውም የሚፈለገው ለሥጋው ሳይሆን በሆዱ ውስጥ ላለው የአየር ከረጢት ነው፤ እርሱ በቻይና በውድ ዋጋ ይሸጣል። በዚሁ ምክንያት ዩኔስኮ በ2005 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸውን የባሕረ ሰላጤውን ደሴቶች በ2019 አደጋ ላይ ካሉት ጋር ጻፋቸው።

ዌስተርን ፍላየርስ ምን ሆነች? ባለቤት እየለወጠች፣ ስሟም ተቀይሮ ጀሚናይ ተብላ፣ እስከ አላስካ ድረስ ሸርጣንና ሳልሞን ስታጠምድ ኖረች። አርጅታም በዋሽንግተን ግዛት በቆመችበት ወደብ በ2012 ሰጠመች፤ ካወጧት በኋላ በ2013 ደግማ ሰጥማ ወራት በጭቃ ውስጥ ተኛች። በ2015 አንድ ባለጸጋ ገዛትና በፖርት ታውንሴንድ የበሰበሰው እንጨቷ ሁሉ ተለወጠ፤ በ2023 ወደ ሞንተሬ ተመለሰች። በ2025 ከ85 ዓመት በኋላ እንደገና ወደ ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ገባች። በዚህ ጊዜ ሰርዲን ይጫንበት የነበረው ሆዷ ተጠርጎ ቤተ ሙከራ ተሠርቶበት ነበር።