የሴቶች የጋራ ሰደቃ፦ ሣጥኑ፣ ደብተሩና የተቀባዩ ክብር

የሴቶች የጋራ ሰደቃ የምንለው በአንድ ሰፈር ወይም ከተማ የሚኖሩ እህቶች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ጥቂት ጥቂት አዋጥተው፣ ማን መረዳት እንዳለበት አብረው ተማክረው ለአካባቢያቸው ችግረኛ የሚያደርሱበትን ልማድ ነው። ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ጀማዓ ይለዋል፣ ሌላው ማኅበር፣ ሌላው በአጭሩ ሣጥን። አንዲት እህት ብቻዋን የምትሰጠው አሥር ብር የዕለት ዳቦ ነው። የሃያ እህቶች መዋጮ ሲጠራቀም ግን የቲሙን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ያቆየዋል፣ ታማሚዋን ሆስፒታል ያደርሳታል። ከዚህ ቀጥሎ የዚህን ልማድ ሸሪዓዊ መሠረት፣ በሀገራችን ያለውን ሥር፣ እንዲሁም እንደ ዛሪማ ባለ ትንሽ ከተማ እንዴት ሳይበላሽ ሊቆይ እንደሚችል እንመለከታለን።

በሱና ያለው መሠረት

ሴቶች ሰደቃን በጋራ ማውጣታቸው አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ ቀን ከኹጥባ በኋላ ወደ ሴቶቹ ሄደው መከሯቸው፣ ሰደቃ እንዲሰጡም አዘዟቸው። ቢላል (ረ.ዐ) ልብሳቸውን ዘረጉ። ሴቶቹም ጉትቻቸውንና ቀለበታቸውን እያወለቁ ጣሉበት። ያ የተዘረጋ ልብስ ዛሬ ሣጥን የምንለው ነገር ነው፤ የብዙዎች ስጦታ በአንድ ቦታ፣ በአንድ የታመነ ሰው እጅ ይሰበሰባል።

ብዙኃኑ ዑለማዎች ከዚህ ሐዲስ አንዲት ሴት ከራሷ ንብረት ለመስጠት የባሏ ፈቃድ እንደማያስፈልጋት ይረዳሉ። የማሊኪያ ዑለማዎች ከንብረቷ ሲሶ ካለፈ ፈቃዱን ይጠይቃሉ። ይህ ሁሉ ግን በራሷ ገንዘብ ላይ ነው። ከባሏ ገንዘብ ለተገዛ እህል ወይም ለቤት ወጪ ከሰጣት ብር የእርሱ ፈቃድ፣ ወይም በልማድ የታወቀ ይሁንታው ሊኖር ይገባል። ሣጥኑ የትዳር ጠብ ምክንያት እንዳይሆን ይህን ከመጀመሪያው መነጋገር ይጠቅማል።

ሁለተኛው መሠረት የአሽዐሪዮች ታሪክ ነው። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት የእርሳቸው ጎሳ ሰዎች በዘመቻ ስንቅ ሲያልቅባቸው ወይም በመዲና የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በአንድ መስፈሪያ እኩል ይካፈሉ ነበር። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለዚህ ሥራቸው አመሰገኗቸው፣ ከራሳቸውም ቆጠሯቸው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ሰጪና ተቀባይ የሚባል መደብ አለመኖሩ ነው። ዛሬ ያዋጣ ነገ ይቀበላል።

ሦስተኛዋ ምሳሌ የሙእሚኖች እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ናቸው። በእጃቸው እየሠሩ ያገኙትን ይመጸውቱ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) መስክረውላቸዋል። ሰደቃ ለመስጠት ሀብታም መሆን እንደማይጠበቅ፣ የእጅ ሥራ ያላት ሴት ሁሉ ከሰጪዎች መቆጠር እንደምትችል ያሳያል።

በሀገራችን ያለው ሥር

በኢትዮጵያ ሙስሊም ሴቶች ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ምሳሌ የሐረር አፎቻ ነው። የሴቶች አፎቻ ከወንዶቹ የተለየ ሆኖ አባላቱን በሠርግና በሐዘን ጊዜ ያገናኛል፤ ጉልበትና ወጪ ይጋራሉ። ፒተር ኮንና ሲድኒ ዋልድሮን እ.ኤ.አ በ1978 ያሳተሙት ጥናት አፎቻን በሐረር ሕዝብና በአስተዳደሩ መካከል እንዳለ ድልድይ አድርጎ ገልጾታል።

በቀረው የሀገሪቱ ክፍል ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው እድር ነው። በእድር ላይ ጥናት ያካሄዱ የኢኮኖሚ ምሁራን ያስተዋሉት ነገር ለጉዳያችን ጠቃሚ ነው። አብዛኞቹ እድሮች ከጎረቤቶች የተውጣጡ ቢሆኑም የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት ዝርዝርና አስቀድሞ የተወሰነ ክፍያ አላቸው። ለረጅም ዘመን ያቆያቸውም መተዋወቃቸው ብቻ ሳይሆን ይህ ሥርዓታቸው ጭምር ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ በእህታችን ሐናን ማሕሙድ የተመሠረተው ባቡል ኸይር ችግረኞችን በመመገብ ይታወቃል። የአንዲት ሴት ኒያ ብዙ ሰው ሲደግፈው የት ሊደርስ እንደሚችል ያሳየናል።

ወደ ጎንደር ስንመጣ መረዳዳት የኑሮ ዋስትና ሆኖ የቆየበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። የዛሬው አዲስ ዓለም የዚያ ሰፈር ወራሽ ነው። የርስት መሬት የማይደርሰው ያ ማኅበረሰብ በንግድና በሽመና ኖረ። ርስት የሌለው ሰው በክፉ ቀን የሚይዘው ጎረቤቱንና ጀማዓውን ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም በከተማዋ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በደረሰው ጥቃት ብዙ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ሐዘኑ ያረፈው በመጀመሪያ በሚስቶች፣ በእናቶችና በልጆች ላይ ነበር። አላህ ይዘንላቸው።

ዛሪማ፦ ችግሩ የሚመጣበት ወቅት

ዛሪማ በሰሜን ጎንደር ዞን በአዲ አርቃይ ወረዳ፣ ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከደባርቅ ደጋ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ነው የሚደረስባት። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ወደ አዲ አርቃይ ሲገባ ከወረዳው የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ወደ ደባርቅና ዳባት ተሰደዋል። እንዲህ ባለ አካባቢ ከውጭ የሚመጣ እርዳታ መንገድ ሲዘጋ ይቀራል። ጎረቤት ግን እዚያው ነው።

በዚህ አካባቢ ችግር ወቅት አለው። መኸሩ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲገባ ጎታው ይሞላል፣ የእህል ዋጋም ይቀንሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎታው ይጎድላል፣ ዋጋው ይወጣል። በዚያው ወራት ብዙ ወንዶች ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሑመራና መተማ ይወርዳሉ፤ ቤቱ በሴቲቱ ላይ ይወድቃል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የልጆች ደብተርና ጫማ ይመጣል። በመምህርነት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ልጅ ከትምህርት ገበታ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ትምህርት ጠልቶ ሳይሆን በዚያች ሳምንት የሚጎድለው ትንሽ ነገር ስላለ ነው።

ሰደቃችን ግን የሚበዛው በረመዷን ነው። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዷን በየዓመቱ ወደፊት ይቀድማል። በ2017 ዓ.ም የገባው በየካቲት ማብቂያ፣ ጎታው ገና ሳይጎድል ነበር። ሆዱ የሚርበው በነሐሴ ነው፤ እጃችን የሚዘረጋው በየካቲት። የጋራ ሣጥን ትልቁ ጥቅም ይህን ክፍተት መሙላቱ ነው። በረመዷንና በመኸር የተሰበሰበው ለክረምቱ ይቆያል።

አራቱን ገንዘቦች አለማደባለቅ

ነገር ግን ሁሉም ገንዘብ ለክረምት ሊቆይ አይችልም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጀማዓዎች የሚሳሳቱት። በእህቶች እጅ አራት ዓይነት ገንዘብ ሊገባ ይችላል፤ የእያንዳንዱ ሑክም የተለያየ ነው።

ዘካ፦ ተቀባዮቹ በሱረቱ አት-ተውባ የተዘረዘሩት ስምንት ክፍሎች ብቻ ናቸው። ብዙኃኑ ዑለማዎች እንደሚሉት ግዴታው ከደረሰ በኋላ ያለ ምክንያት ሊዘገይ አይገባም። ስለዚህ በረመዷን የተሰበሰበ ዘካ በሣጥን ተቆልፎ ነሐሴን መጠበቅ የለበትም፤ ለባለመብቱ ይሰጣል። በመኸር ጊዜ ከሆነም ለችግረኛዋ እህል ሆኖ ቢደርሳት፣ ንብረቷ አድርጋ በገዛ ጎታዋ ታቆየዋለች። የእህል ዘካ በብዙኃኑ ዘንድ የሚወጣው ምርቱ 653 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሞላ ነው፤ በዝናብ ከበቀለ ከአሥር አንድ፣ በመስኖ ድካም ከበቀለ ከሃያ አንድ። የወርቅ ኒሳብ 85 ግራም ያህል ነው። ለጌጥ በሚለበስ ወርቅ ላይ ሐነፊያዎች ዘካ ግዴታ ነው ሲሉ ብዙኃኑ አይደለም ይላሉ፤ እህቶች የአካባቢያቸውን ዓሊም ይጠይቁ።

ሰደቃ፦ ሰፊው በር ይህ ነው። ሊቆይም፣ ለመጓጓዣ፣ ለመድኃኒት፣ ለትምህርት ሊውልም ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ሰጪዎቹ ምን ላይ እንደሚውል አውቀው መስጠታቸው ነው። ለየቲም ተብሎ የተሰበሰበ ገንዘብ ሳይጠየቁ ለሌላ አይዞርም።

የእድር ገንዘብ፦ የአባላቱ መብት ነው። ሐዘን ላይ ያለች አባል ልትጠይቀው የምትችለውን ገንዘብ ያለ ሁሉም ስምምነት ለሰደቃ ማውጣት የሰው ሐቅ መንካት ነው።

ዕቁብ፦ ተራ በተራ የሚዞር የአባላት ብድር ነው። ኸይር ሥራ ቢያግዝም ሰደቃ አይደለም፤ ተራዋ የደረሰ እህት ሙሉውን ልታገኝ ይገባል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ የተለየ ፖስታ ወይም ከረጢት፣ በደብተሩም የተለየ ገጽ ይኑር።

ሣጥኑና ደብተሩ

ሃያ እህቶች በወር 50 ብር ቢያዋጡ በወር 1,000፣ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። ጥሬ ገንዘብ የሌላት እህት በእህል ልትሳተፍ ትችላለች። ሊጥ ልታቦካ ዱቄት ስትሰፍር አንድ እፍኝ ለይታ በጣሳ ታስቀምጣለች፤ በወሩ መጨረሻ የሁሉም ጣሳ ወደ አንድ ጆንያ ይገለበጣል። ድሃይቱም ሰጪ የምትሆንበት መንገድ ነውና ሊናቅ አይገባም።

ገንዘብ አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ) አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዞናል፤ ብድርንም እንድንጽፍ አስተምሮናል። መጻፍ አለመተማመን ማለት አይደለም፤ መተማመንን የሚጠብቅ አጥር ነው። ስለዚህ፦

ቁልፉን የምትይዘው፣ ሣጥኑን የምታስቀምጠውና ደብተሩን የምትጽፈው ሦስት የተለያዩ እህቶች ይሁኑ። ሣጥኑ ሲከፈት ሦስቱም ይገኙ።

የገባውና የወጣው በዕለቱ ይጻፍ፤ በየሦስት ወሩ ለአባላት በሙሉ ይነበብ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ጮክ ብሎ ይነገር።

ገንዘቡ ሲበረክት በሁለት ፊርማ በሚንቀሳቀስ ከወለድ ነፃ ሂሳብ ይቀመጥ።

የስብሰባው ቡናና ቁርስ ከሣጥኑ አይወጣ። አስተናጋጇ ከቻለች ታቅርብ፤ ካልቻለች ያለ ቡና ይሰብሰቡ።

ኃላፊዎቹ በዓመት ይቀየሩ። አንዲት ደግ እናት ብቻዋን የተሸከመችው ሣጥን እርሷ የታመመች ቀን ይዘጋል።

የተቀባዩ ክብር

በትልቅ ከተማ ተረጂው ረጂውን ላያውቀው ይችላል። በዛሪማ ግን ልጆቻቸው አንድ ክፍል ይቀመጣሉ፣ ከአንድ ቦኖ ውኃ ይቀዳሉ። የረዳችሁት ሰው ስም በቡና ላይ ከተነሳ በማግሥቱ ገበያው ያውቀዋል። ቁርኣን ከልመና በመቆጠባቸው ምክንያት የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚያስባቸውን ድሆች ጠቅሶ ይነግረናል፤ ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽም ያስጠነቅቀናል። ለእንደዚህ ያለች እህት ስሟ ከሚወራ መራቧን ትመርጣለች። ያኔ ሣጥኑ ሞልቶ እርሷ አልተረዳችም ማለት ነው።

ስለዚህ የገንዘቡ መጠን ለሁሉም ይነገር፣ የተቀባዩ ስም ግን ከሁለት ሰው አይለፍ። በሚነበበው ደብተር ላይ በስም ፋንታ ቁጥር ይጻፍ። እህሉ በምሽት ይድረስ። ስትቀበል ፎቶ አይነሳ፤ በስልክ የሚዞር ምስል አይመለስም። ከተቻለም ዛሬ የተረዳችው እህት የአቅሟን እፍኝ እንድታዋጣ በር ይከፈትላት፤ የአሽዐሪዮቹ መንገድ እንዲህ ነበር።

ሙስሊም ያልሆነ ጎረቤት

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ ነው። በብዙኃኑ ዑለማዎች ዘንድ ዘካ ለሙስሊም ችግረኞች ነው። ሰደቃ ግን ሙስሊም ላልሆነ ጎረቤት ይሰጣል፤ አላህ በሱረቱል ሙምተሒና በሃይማኖት ምክንያት ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላባረሩን ሰዎች በጎ ከመዋል አልከለከለንም። የሰሜን ጎንደር ሙስሊም ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር አጥር ተጋርቶ የሚኖር ነው። የጎረቤት አራስ ስትርብ የሰደቃው ገጽ ክፍት ይሁን። ገንዘቦቹን መለየት የሚጠቅመው ለዚህም ነው፤ በሩ የቱ ጋ ሰፊ፣ የቱ ጋ ጠባብ እንደሆነ ይታወቃል።

ከየት ይጀመር?

የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በአዋጅ የጸና ሕጋዊ ሰውነት አለው። የወረዳውን መጅሊስና የመስጂዱን ኢማም ማማከር ለሑክም ጥያቄም ለሕጋዊነትም ይረዳል። ለመጀመር ግን አምስት እህቶች፣ አንድ ቁልፍ ያለው ሣጥንና አንድ ደብተር ይበቃሉ። በመጀመሪያው ወር ለማን እንደምትሰጡ አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ገንዘቡ ዘካ ይሁን ሰደቃ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ፣ የተቀባዩን ስም ማን ብቻ እንደሚያውቅ ጻፉ። ከዚያ የመጀመሪያውን እፍኝ ጨምሩ።

አላህ ከሰጪዋም ከተቀባይዋም ይቀበል። ወላሁ አዕለም።