«የፍሪጁ ጋዝ አልቋል» ሲባል ምን እንጠይቅ?

ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቤት ኤሲ ብዙም አያስፈልጋትም። ኤሲ የሚናፈቀው ወደ መተማ ቆላ ሲወረድ ነው። ነገር ግን ኤሲን የሚያሠሩት ሞተር፣ ጋዝና ቱቦ በየቤታችን ባለው ፍሪጅ ውስጥም አሉ። ሲያረጁም የሚገጥማቸው ችግር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ፍሪጁ የቆመው ለዐረፋ የታረደው ሥጋ ገና ሳያልቅ ከሆነ፣ ወይም የስኳር ሕመምተኛ እናት ኢንሱሊን በውስጡ ካለ ጉዳዩ ከገንዘብ በላይ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ የምናየው ያረጀ ፍሪጅን ነው።

ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምንሰማው «ጋዝ አልቋል» የሚለውን ነው። የፍሪጅ ጋዝ ግን እንደ ምድጃ ጋዝ እየነደደ የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ከውስጥ ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል፣ ከኋላ ባለው ጥቁር ቱቦ ሙቀቱን ለቆ ይመለሳል። ቀዳዳ ከሌለ ሃያ ዓመትም ቢሆን አይጎድልም። ጎድሎ ከተገኘ ያፈሰሰ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግና ሳይበየድ ጋዝ ማስሞላት በተቀደደ ጀሪካን ውኃ መቅዳት ነው፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያው ክፍያ ይደገማል። ለባለሙያው የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ቀዳዳው የት ነው?» ሊሆን ይገባል። በነገራችን ላይ ቀዳዳውን ብዙ ጊዜ የምንፈጥረው እኛው ነን። የፍሪዘሩን በረዶ በቢላ ስንፈነቅል ቀጭኑ ቱቦ ይበሳል። ከሶኬት ነቅሎ በሩን ከፍቶ በራሱ እንዲቀልጥ መተው ይሻላል።

የጋዙን ዓይነት ማወቅም ይጠቅማል። በጣም የቆዩት ፍሪጆች አር 12 የሚባለውን ይይዙ ነበር። ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮችም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምርቱ እንዲቆም ተደርጓል። ቀጥሎ የመጣው አር 134ኤ ነው፤ በአሁኖቹ ፍሪጆች ደግሞ አር 600ኤ በብዛት ይገኛል። አር 600ኤ ተቀጣጣይ ስለሆነ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣና ክፍሉ ሳይናፈስ ቱቦውን በእሳት መበየድ አደጋ አለው። ዓይነቱ በሞተሩ ወይም በፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። አንዱን በሌላው መተካት ወይም መቀላቀል ሞተሩን ይጎዳል።

ጋዙ ምንም ሳይጎድል ፍሪጁ የሚደክምበት ምክንያትም ብዙ ነው። ከኋላው አቧራ ሲከማች ወይም ከግድግዳ ጋር ሲጣበቅ ሙቀቱን መልቀቅ ያቅተዋል። የበሩ ጎማ ሲደርቅ ቅዝቃዜው ያመልጣል፤ ወረቀት በበሩ መካከል አድርገው ዘግተው ሲስቡት ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው አብቅቶለታል። ሞተሩ «ጢክ» ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ማስነሻው ላይ ነው፤ የማስነሻው ዋጋ ከሞተሩ ጋር አይወዳደርም።

ሞተርን የሚገድለው ዋናው ጠላት ግን መብራት ነው። ሞተሩ ሲቆም በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመጣ ሞተሩ በዚያ ግፊት ላይ ለመነሳት ሲታገል ይግላል፣ ውሎ አድሮ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ነቅሎ፣ ከመጣም በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ምንም ወጪ የለውም። ኃይሉ ከ220 ቮልት እጅግ ወርዶ አምፖሉ ሲደበዝዝም መንቀሉ ይሻላል። አቅም ላለው፣ አዘግይቶ የሚያበራ ስታብላይዘር ይህን ሥራ ይሠራለታል።

በዳባትና በደባርቅ ደግሞ ለሰሚ ግራ የሚያጋባ ነገር ያጋጥማል፤ ብርዱ በበረታ ቁጥር የፍሪዘሩ ሥጋ ይላላል። ብዙ ፍሪጆች ያላቸው አንድ ቴርሞስታት ብቻ ነው፤ እሱም የሚያዳምጠው የታችኛውን ክፍል ነው። ቤቱ ራሱ ሲቀዘቅዝ የታችኛው ክፍል ሳይሞቅ ስለሚያድር ሞተሩ አይነሳም፤ ፍሪዘሩ ግን ቀስ እያለ ይቀልጣል። በወረቀቱ ላይ «ቲ» ወይም «ኤስቲ» የሚል የላቲን ፊደል ያለበት ፍሪጅ ከ16 ዲግሪ በታች በሆነ ክፍል እንዲሠራ አልተሠራም። «ኤስኤን» የሚለው እስከ 10 ዲግሪ ይችላል። እንዲህ ያለውን ፍሪጅ ጋዝ መጨመር አያድነውም፤ ሞቅ ወዳለ ክፍል ማዛወር ግን ይረዳዋል።

መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ በሩን አለመክፈት ነው። ሳይከፈት የታችኛው ክፍል አራት ሰዓት ያህል፣ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም አይወሰድም፣ ስለዚህ ከፍሪዘሩ ይራቅ።

ያገለገለ ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ስንደርስ ሲሠራ ባገኘነው ብቻ አይርካ። ተነቅሎ ቆይቶ እንዲሰካ ይጠይቅ፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ፣ ከኋላው መሞቁንና ፍሪዘሩ በሁሉም ጎን እኩል መቀዝቀዙን በእጁ ይዳስስ። ሻጩም ጋዝ ተሞልቶለት ከሆነ ይናገር፤ የዕቃን ጉድለት ደብቆ መሸጥ እንደማይፈቀድ እናውቃለን። ከጎንደር ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተኝቶ የተጫነ ፍሪጅ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦ ስለሚገባ ቆሞ ቢያንስ ግማሽ ቀን ሳይቆይ አይሰካ።