በምሥራቅ ጎጃም ስላለው የዝሆኔ በሽታና ስለ ነጭ የደም ሕዋሳት ጉዞ

በሞጣና በቢቸና ዙሪያ፣ በጠቅላላውም በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ የጮቄ ተራራ በጥንት ዘመን የተፋው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በዝናብና በፀሐይ ብዛት እየፈረሰ ያስገኘው አፈር፣ ለገበሬው ጤፉንና ስንዴውን የሚሰጥ በረከት ሆኖ ሳለ፣ ዕድሜውን ሁሉ በባዶ እግሩ ከበሬው ኋላ ሲመላለስ በሚኖረው ሰው ላይ ግን ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለውን የእግር እብጠት ያመጣበታል። በቆላ አገር ይህን የመሰለውን እብጠት የሚያደርሰው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው፤ የደጋው ዝሆኔ ግን ትል የሌለበት፣ መነሻውም የቀይ አፈሩ ረቂቅ ቅንጣት መሆኑን በኢትዮጵያ የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገልጦ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጠው።

አፈሩን መውቀስ የተለመደ ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ እግሩን የሚጎዱት በአብዛኛው ሊጠብቁት የተሠሩት የገዛ አካሉ ነጭ ሕዋሳት ናቸውና። ፈቃዱ ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ለበሽታው መጋለጥ ከአካል መከላከያ ዘር ጋር የተያያዘ መሆኑን ማሳየቱ ይህንኑ ያጠናክራል።

ነጩ ሕዋስ በደም ሥር ውስጥ ሲንከባለል ቆይቶ፣ ብግነት ከተነሣበት ቦታ የሚላከው የኬሚካል ጥሪ በደረሰው ጊዜ፣ ከሥሩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ፣ አካሉን አቅጥኖ በጠባቡ ክፍተት ሾልኮ ይወጣል። ይህን ጉዞ ከሚያስተዳድሩት አንዶቹ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዐጻውያነ ኆኅት እንደሚባሉት፣ በሕዋሱ ልባስ ላይ ቆመው አንዱን አዮን አሳልፈው ሌላውን የሚከለክሉ የፕሮቲን በሮች ናቸው፤ ኤርዊን ኔኸርና ቤርት ዛክማን የአንዲቱን በር መከፈትና መዘጋት ለመለካት በመቻላቸው በ1991 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ካልሲየም በውስጥ ካለው 10,000 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ በሩ ጥቂት ቢከፈት ብዙ ይገባል። ጥሪው ሲደርስ በሕዋሱ ውስጥ የተከማቸው ካልሲየም ይለቀቃል፤ ስቲም 1 የተባለው ፕሮቲን የክምችቱን መጉደል ዐውቆ ወደ ልባሱ ይጠጋና ኦራይ 1 የተባለውን በር ያስከፍታል። የገባው ካልሲየምም በተራው ኬ-ሲ-ኤ 3.1 የሚባለውን የፖታሲየም በር በኋላ በኩል ሲከፍት፣ ፖታሲየሙ ይወጣል፣ ውኃውም ተከትሎት ይወጣል፣ የሕዋሱም ጀርባ ይኮማተርና ፊቱ ወደ ሕመሙ ቦታ ይገፋል።

ወደ ጎጃሙ እግር ስንመለስ፣ የበሽተኞች የእግር የሊምፍ ዕጢ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር፣ ማክሮፋጅ በሚባሉት በላተኛ ሕዋሳት ሆድ ውስጥ የሲሊኮንና የአሉሚኒየም ቅንጣት ተገኝቷል። በቤተ ሙከራ እንደ ታየው፣ ሲሊካን የዋጠ ማክሮፋጅ ፖታሲየሙ ያለ መጠን ይፈስስበታል፤ ይህም መፍሰስ ኤን-ኤል-አር-ፒ 3 የተባለውን የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ያስነሣና ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የተባለውን ጥሪ ያስወጣል፤ በዚያም ኒውትሮፊሎች የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት ይጎርፋሉ። በዝሆኔም ብግነቱ በዚሁ መንገድ ሳይጀምር እንዳልቀረ መገመት ይቻላል። ከዚያም በኋላ በጣቶች መካከልና በተረከዝ ንቃቃት በኩል ተሕዋስያን ሲገቡ፣ እግሩ እንደ እሳት ይነዳል፣ በሽተኛውም በብርድና በትኩሳት ተይዞ ለቀናት ይተኛል።

በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የያዘው ይህን ሁለተኛውን ደረጃ ነው። እግራቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በመድኃኒት ውኃ ዘፍዝፈው፣ ቅባት ቀብተው፣ በፋሻ ጠቅልለው ጫማ የተጫሙት በዓመት 19.4 ጊዜ ያህል ሲታመሙ፣ ሕክምናውን ለማግኘት ተራቸውን የጠበቁት 23.9 ጊዜ ታመዋል። ልዩነቱ ለአንባቢ ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት አራት ጊዜ ተኩል ያህል አለመተኛት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቀው ግን ገበሬው ነው።

ስለዚህ የሕክምና ተመራማሪዎቻችን እነዚህን በሮች በሕሙማኑ ሕዋሳት ላይ እንዲመረምሩ፣ የሞጣና የቢቸና ጤና ጣቢያዎችም ሳሙናውን፣ ቅባቱንና ፋሻውን ሳያቋርጡ እንዲይዙ፣ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳምን ተማሪና የገበሬውንም ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ የሚያጫማ እንዲገኝ አደራ እላለሁ።